ትንሽ የሸራ ጀልባ መቼ ትገለበጣለች? ከዳር ሳይርቁ ሚዛኗን መለካት

ዳር ታስራ የቆመች ጀልባ ላይ ሲወጡ ንቅንቅ ካላለች «አስተማማኝ ናት» ይባላል። ከእግር ሥር ከዋለለች ደግሞ «ይቺማ ትገለብጠናለች» ተብሎ ይፈረድባታል። ሁለቱም ፍርድ የሚሳሳትበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነ ሰፊ ጀልባ የመጀመሪያዎቹን 15 ወይም 20 ዲግሪዎች አጥብቃ ትቋቋማለች፤ አንዴ ካለፈች ግን ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ እንደዚያው ተረጋግታ ልትቀር ትችላለች። ጠባብ ሆና ከሥሯ ከባድ ኪል የተሸከመችው ደግሞ በትንሽ ነፋስ ትጋደማለች፤ ምሰሶዋ ውሃ ነክቶ እንኳ ቀና ትላለች።

ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። የመጀመሪያውን ግፊት ምን ያህል ትቋቋማለች? እስከ ስንት ዲግሪ ተጋድማ ትመለሳለች? እዚያ ሳትደርስስ ውሃ በየት በኩል ይገባባታል? አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይፈትናል፣ ያውም በእግሩ። ሦስተኛውን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ በሜትር ገመድ በአሥር ደቂቃ የሚለካው ግን እሱ ነው።

ኪል የምንለው ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውሃው የሚወርደውን ክብደት ያለው ክንፍ ነው። ባላስት ጀልባዋን ቀና ለማድረግ ታች የሚቀመጠው እርሳስ፣ ብረት ወይም ውሃ ነው። በትንንሽ ክፍት ጀልባዎች ላይ የሚገኘው የመሐል ሳንቃ ግን ከባድ አይደለም። ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል እንጂ ቀና አያደርጋትም። ሳንቃውን እንደ ኪል ቆጥሮ መተማመን የተለመደ ስህተት ነው።

ቀና የሚያደርጋት ምንድን ነው?

በጀልባዋ ላይ ሁለት ኃይሎች ይሠራሉ። ክብደቷ በስበት ማዕከሏ በኩል ወደ ታች ይጎትታታል፤ ውሃው ደግሞ በሰመጠው ክፍሏ መሐል ወደ ላይ ይገፋታል። ስትጋደም የሰመጠው ክፍል ቅርጹን ይቀይርና የውሃው ግፊት ወደ ዘቀዘቀው ጎን ይሸሻል። በሁለቱ ኃይሎች መካከል በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው አግድም ርቀት የመመለሻ ክንድ ነው። ክንዱ በጀልባዋ ክብደት ሲባዛ ቀና የሚያደርጋት ጉልበት ይገኛል።

ሰፊ ጀልባ ላይ ክንዱ ቶሎ ይረዝማል፣ ቶሎም ያጥራል። ኪል ያላት ጠባብ ጀልባ ላይ ቀስ ብሎ ይረዝማል፤ የስበት ማዕከሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግን ተጋድማም ቢሆን ክንዱ አይጠፋባትም። ክንዱ ዜሮ የሚሆንበት ማዕዘን የመመለሻ ወሰን ነው። ከዚያ ካለፈች የሚገለብጣት ነፋሱ ሳይሆን የራሷ ክብደት ነው።

ዲንጊ በምትባለው፣ ኪል በሌላት ትንሽ ክፍት ጀልባ ላይ ባላስቱ ሰው ነው። ይህ ባላስት ይናገራል፣ ይደነግጣል፣ ይዘገያል፤ ጀልባዋ 90 ዲግሪ ስትጋደም ደግሞ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ዲንጊ የምትመዘነው «ትገለበጣለች ወይ?» ተብሎ አይደለም፤ መገልበጧ አይቀርም። የሚጠየቀው ከተገለበጠች በኋላ ምን እንደምትሆን ነው።

መጀመሪያ ክብደቷን ይወቁ

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ በጀልባዋ ትክክለኛ ክብደት ላይ ይቆማል። አምራቹ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ የባዶ ጀልባ ክብደት ነው። 6 የፈረስ ጉልበት ያለው የኋላ ሞተር 25 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ ባትሪ 20፣ መልሕቅ ከነሰንሰለቱ 15፣ የመጠጥ ውሃና ነዳጅ ሌላ 40። ተጎታች ላይ የምትጫን ከሆነ የጭነት መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ከነተጎታቹ ያስመዝኑና የተጎታቹን ይቀንሱ። ሌሎቹ መሣሪያዎች ቀላል ናቸው፦ ማዕዘን የሚለካ ስልክ፣ የሜትር ገመድ፣ ሰዓት፣ ዕቃ ተንጠልጥሎበት የሚመዝን ሚዛን።

አንድ ሰው ወደ ጎን ሲሄድ ስንት ዲግሪ ትጋደማለች?

ነፋስና ሞገድ የሌለበት ጠዋት ይምረጡ። የታሰረችባቸውን ገመዶች ያላሉ፣ ኪሉን ሙሉ በሙሉ ያውርዱና ይቆልፉ፣ ከወለሉ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ካለ ጨርሰው ይቅዱ። ልቅ ዕቃ ካለ እንዳይንሸራተት ይሰሩት። ስልኩን ወለሉ ላይ አግድም ያስቀምጡና ክብደቱ የሚታወቅ ሰው ልክ መሐል ላይ ተቀምጦ ንባቡን ይመዝግቡ። ከዚያ ሰውዬው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይሂድ፤ ከመሐል መስመሩ እስከ እሱ መሐል ያለውን ርቀት ይለኩ። በሌላውም ጎን ይድገሙትና አማካዩን ይውሰዱ።

ለምሳሌ ከነሰውዬው 1,100 ኪሎ የምትመዝን ጀልባ ናት እንበል። 80 ኪሎ የሚመዝነው ሰው 1 ሜትር ወደ ጎን ሲሄድ 6 ዲግሪ ተጋደመች። ሰማንያን በአንድ ያባዙ፣ ውጤቱን ለ1,100 እና ለ6 ዲግሪ ታንጀንት (0.105) ብዜት ያካፍሉ። 0.69 ሜትር ይወጣል። ይህ የሜታሴንተር ቁመት ይባላል፤ የመጀመሪያው ጥንካሬዋ መለኪያ ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ባለ አንድ ወለል የዓሣ ማጥመጃ መርከቦች ቢያንስ 0.35 ሜትር እንዲኖራቸው ይመክራል። ሸራ የምትሸከም ጀልባ ከዚያ በእጅጉ መብለጥ አለባት። ማዕዘኑ ከ10 ዲግሪ ካለፈ ግን ቀመሩ ይሳሳታል፤ ቀለል ያለ ሰው ይጠቀሙ ወይም ርቀቱን ያሳጥሩ።

ውጤቱን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ጠርዟን በእጅ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ያወዛውዟትና ይልቀቋት። ከቀኝ ተነስታ ግራ ሄዳ ቀኝ ስትመለስ አንድ ዙር ነው። እስከ 10 ዙር መቁጠር ከቻሉ ጠቅላላ ጊዜውን ለ10 ያካፍሉ፤ ቶሎ የምትረጋ ከሆነ 4 ወይም 5 ዙር ቆጥረው ብዙ ጊዜ ይድገሙት። ስፋቷን በሜትር ለ0.8 ያባዙ፣ በአንድ ዙር ሰከንድ ያካፍሉ፣ የወጣውን በራሱ ያባዙ። 2.34 ሜትር ስፋት ያላት ጀልባ በ2.25 ሰከንድ አንድ ዙር ካደረገች፣ ውጤቱ ያው 0.69 ገደማ ነው። 0.8 ግምታዊ ቁጥር ስለሆነ በሁለቱ ውጤቶች መካከል ትንሽ ልዩነት ቢታይ አያስደንቅም፤ እጅግ ከተራራቁ ግን ክብደቱን ወይም ማዕዘኑን ተሳስተው ለክተዋል።

የዚህ ሙከራ ትልቁ ጥቅም በኋላ ነው የሚታየው። የመወዛወዣ ጊዜዋን ጤነኛ በሆነችበት ቀን ይመዝግቡት። ጭነቱ ሳይለወጥ አንድ ቀን ከወትሮው ቀስ ብላ የምትወዛወዝ ከሆነ፣ አንድም ክብደት ከታች ወደ ላይ ተዛውሯል፣ አንድም ሆዷ ውሃ አለው። ስትወዛወዝ ዘግይታ፣ «ልመለስ ወይስ ልቅር» የምትል ከመሰለች ሸራ አይስቀሉ።

ወለል ላይ የሚላወስ ውሃ

አንድ ነገር ብቻ አስታውሳለሁ ለሚል ሰው ይህን ክፍል ያስታውስ። ጀልባዋ ውስጥ የገባ ውሃ ጉዳቱ ክብደቱ ብቻ አይደለም። ስትጋደም እሱም ወደ ዘቀዘቀው ጎን ይሮጥና እዚያው ይጫናታል።

ስሌቱ ያስደነግጣል። ከላይ ባየናት ጀልባ ወለል ላይ 2 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ውሃ ለብሷል እንበል። ስፋቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል (1.5 × 1.5 × 1.5)፣ በርዝመቱ ይባዛል፣ ለ12 ይካፈላል፦ 0.56። ይህ ጀልባዋ ለምትይዘው 1.1 ሜትር ኩብ የውሃ ቦታ ሲካፈል 0.51 ሜትር ነው። 0.69 የነበረው ጥንካሬ 0.18 ቀረ ማለት ነው። ጥልቀቱ 5 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ 150 ኪሎ ውሃ ነው፤ ከትንሽ መጋደም በኋላ አብዛኛው ወደ አንድ ጎን ይከማቻል። ሁለት ሰዎች ማንም ሳያዛቸው በአንዴ ወደ ተሳሳተው ጎን እንደ ዘለሉ ይቁጠሩት።

እዚህ ላይ ስፋት ከሁሉ ይከፋል፤ ሦስት ጊዜ የሚባዛው እሱ ነውና። ያንኑ ወለል በቁመት አንድ ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ለሁለት ቢከፍለው ጉዳቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በጎንና ጎን የተሞላ ፎም ወይም የታሸገ የአየር ሳጥን ያላቸው ጀልባዎች ውሃ ሲገባባቸው የሚሻሉትም ለዚህ ነው፤ ውሃው የሚላወስበትን ስፋት ያጠቡታል። ግማሽ ብቻ የሞላ የውሃ ባላስት ታንክም እንዲሁ ጠላት ነው። በውሃ ባላስት በምትሠራ ጀልባ ላይ ታንኩ ወይ እስከ አፉ ይሞላል፣ ወይ አምራቹ ባዶውን መሄድ ይፈቅዳል ካለ ጨርሶ ይደርቃል።

ውሃ በየት ይገባል?

ሊዘጋ የማይችለውን ወይም በጉዞ ላይ ክፍት የሚቀረውን ቀዳዳ ሁሉ ይዘርዝሩ፦ የካቢን መግቢያ፣ የመቀመጫ ሥር ሣጥኖች፣ የአየር ማስገቢያ፣ የሞተር ጉድጓድ። ለእያንዳንዱ ከውሃው ወለል ያለውን ከፍታና ከመሐል መስመሩ ያለውን ርቀት ይለኩ። ከፍታው ለርቀቱ ሲካፈል የማዕዘኑ ታንጀንት ይገኛል፤ ቀሪውን ስልክዎ ይሠራዋል።

መሐል አካባቢ ያለ፣ ጠርዙ 30 ሳንቲሜትር ከመሐል የራቀና 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የካቢን መግቢያ 63 ዲግሪ ላይ ውሃ ይጠጣል። ጎን ላይ ያለ፣ 90 ሳንቲሜትር የራቀና 50 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የመቀመጫ ሣጥን ግን 29 ዲግሪ ላይ ውሃ ይቀበላል፤ ይህ በአንድ ድንገተኛ ነፋስ የሚደረስበት ማዕዘን ነው። ሣጥኑ ከታች ከካቢኑ ጋር የተገናኘ ከሆነ፣ የሚከድነው ደግሞ ማያያዣ የሌለው ልቅ ክዳን ከሆነ፣ የጀልባዋ የመመለሻ ወሰን 120 ዲግሪ መሆኑ ዋጋ የለውም። ከተገኘው ማዕዘን ላይ 5 ዲግሪ መቀነስ ተገቢ ነው፤ ጀልባ ስትጋደም ከፍ ወይም ዝቅ ትላለች፣ ውሃውም ዝም ብሎ አይተኛም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለእያንዳንዱ ክዳን መቀርቀሪያ፣ ለጠርዙ የላስቲክ ማሸጊያ። የካቢኑ መግቢያ ሳንቃዎች ታችኛው ሁልጊዜ ከቦታው አይነሳ፤ ሳንቃዎቹ ተገልብጠው እንዳይወድቁ በገመድ ይታሰሩ።

ክፍት ዲንጊ ላይ መቁጠሪያው ጠርዙ ራሱ ነው። ስፋቷ 1.85 ሜትር ሆኖ ጠርዟ ከውሃው 45 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ 26 ዲግሪ ላይ ውሃ መቅዳት ትጀምራለች።

90 ዲግሪ አጋድሞ መፈተን

ኪል ላላት ትንሽ ጀልባ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ይህ ነው፤ ግን የሚሠራው በሁለት ሦስት ሰው፣ በተጠለለ ውሃ ላይ፣ ሁሉም ሰው የሕይወት ጃኬት ለብሶ ነው። ሞተሩን፣ ባትሪውንና ነዳጁን ያውርዱ። ክዳኖችን ሁሉ ይዝጉ፣ ኪሉን ይቆልፉ፣ ማንም ሰው ላይዋ አይቅር። ዋናው ሸራ የሚሰቀልበትን ገመድ በረጅም ገመድ ያስረዝሙና ከዳር ሆነው የምሰሶውን ጫፍ ወደ ውሃው ይሳቡ። ጫፉ ውሃ ሊነካ ሲል ሚዛኑን መሐል አስገብተው ምሰሶውን በቀጥታ ወደ ታች ለመያዝ የሚያስፈልገውን ኪሎ ያንብቡ።

15 ኪሎ ካነበበና የምሰሶው ጫፍ ጀልባዋ ቀና ስትቆም ከውሃ ወለል 7.5 ሜትር ከሆነ፣ የመመለሻ ጉልበቷ በ90 ዲግሪ 112 ኪሎግራም ሜትር ነው። ከ10 ኪሎ በታች ካነበበ በእኛ ፍርድ መፍራት ይገባል፤ እውነተኛው መገልበጥ ሲመጣ ሸራው ረጥቦ፣ ላዩ ውሃ ተኝቶበት ነውና። ለቀቅ ሲያደርጓት ጭራሽ ካልተነሳች፣ ለመረጋጋቷ የሚመሰክር ሌላ ቁጥር አይፈልጉ።

የሚታጠፍ ኪል ያላቸውን ጀልባዎች እዚህ ላይ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ካታሊና 22 የመሰለች ጀልባ በሚታጠፈው ዓይነቷ 250 ኪሎ ያህል የብረት ኪል አላት። ኪሉ በመቆለፊያ ብሎን ካልተያዘ፣ ጀልባዋ ከ90 ዲግሪ ስታልፍ ወደ ሆዷ ተመልሶ ይወድቃል፤ በዚያች ሰከንድ ባላስቱ ከታች ወደ ላይ ተዛወረ ማለት ነው። ብሎኑ የዛገ መሆን አለመሆኑን፣ በእርግጥ ኪሉን የሚነካ መሆኑን ይመርምሩ።

በወረቀት ላይ ያሉ ቁጥሮች

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1979 በአየርላንድና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው የፋስትኔት የሸራ ውድድር ላይ 303 ጀልባዎች ተነስተው ማዕበል መታቸው፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ፣ 24 ጀልባዎች ተትተው ቀሩ፣ 5ቱ ሰጠሙ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ምርምር የተወለደው በጣም የታወቀው ቁጥር የመገልበጥ ማጣሪያ ይባላል። በሜትሪክ ሲሠራ ቀላል ነው፦ ክብደቷን በቶን ለ1.025 ያካፍሉ፣ የዚያን ኪዩብ ሥር ያውጡ፣ የጀልባዋን ትልቁን ስፋት ለእሱ ያካፍሉ። ከ2 በታች ከሆነ ለባሕር ጉዞ ይመከራል፤ ከ2 በላይ ከሆነ ዳር ዳሩን ይሂዱ ማለት ነው።

በዚያው ውድድር ላይ ከትንሹ ምድብ ጀልባዎች መካከል ጉዞውን የፈጸመችው ብቸኛዋ ኮንቴሳ 32 ነበረች። 2.90 ሜትር ስፋትና 4,300 ኪሎ ገደማ ክብደት አላት፤ ቁጥሯ 1.8 ነው። ካታሊና 22 2.34 ሜትር ስፋትና 1,020 ኪሎ ያህል ክብደት ስላላት 2.34 ይደርሳታል። ለሐይቅ መልካም ጀልባ ናት፤ ለውቅያኖስ አልተሠራችም።

ይህን ቁጥር ግን አያምልኩት። ስፋትና ክብደት እንጂ ክብደቱ የት እንዳለ አይጠይቅም። ባላስቱን ሁሉ ከሥር ነቅለው ምሰሶው ጫፍ ላይ ቢሰቅሉት ቁጥሩ አይለወጥም።

በአውሮፓ የምትሸጥ ጀልባ ላይ የሚለጠፈው የአምራቹ ሳህን የበለጠ ይናገራል። ምድብ ኤ ለውቅያኖስ፣ ቢ ከዳር ለራቀ ባሕር እስከ 8 ቦፎርት (የነፋስ ጥንካሬ መለኪያ) ነፋስና 4 ሜትር ሞገድ፣ ሲ እስከ 6 ቦፎርትና 2 ሜትር፣ ዲ ለተጠለለ ውሃ እስከ 4 ቦፎርት። ሳህኑ ከምድቡ ጋር የሰው ቁጥርና የጭነት ልክ ይሰጣል። ከ6 ሜትር የሚረዝሙ የሸራ ጀልባዎች በሚለኩበት ደረጃ የመመለሻ ወሰኑ ለሲ ቢያንስ 90 ዲግሪ፣ ለዲ 75 ነው። ለቢ ከ130 ላይ በእያንዳንዱ ቶን 5 ዲግሪ ይቀነሳል፤ 2 ቶን የምትመዝነው 120 ያስፈልጋታል። ከባድ ጀልባ በማዕበል ለመገልበጥ ስለምታስቸግር ነው ቅናሹ የተሰጣት።

የማዕበልን ነገር በተመለከተ፣ ከፋስትኔት በኋላ በእንግሊዟ ሳውዛምፕተን በሞዴል ጀልባዎች የተደረገው ሙከራ የሚያሳየው ይህን ነው፦ ከጎን የመጣና አናቱ የሚናድ ማዕበል ቁመቱ የጀልባዋን ርዝመት 30 በመቶ ከሆነ አንዳንዶቹን ይገለብጣል፣ 60 በመቶ ከደረሰ ሁሉንም ማለት ይቻላል። ለ7 ሜትር ጀልባ 2.1 ሜትር ነው አስፈሪው። የማይናድ ሞገድ ያንኑ ቁመት ቢኖረውም ከሥሯ ያልፋል።

ነፋሱ ስንት ኪሎ ይገፋል?

የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ሸራ፣ በግምት፣ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይቀበላል፤ በ28 ኪሎ ሜትር 5፣ በ40 ኪሎ ሜትር 10። ለጆሮ ከ28 እስከ 40 ትንሽ ጭማሪ ነው፤ ለጀልባዋ እጥፍ ነው።

10 ካሬ ሜትር ሸራ ያላት 4.8 ሜትር ዲንጊ እንውሰድ። ግፊቱ የሚያርፍበት የሸራው መሐልና ውሃው ሳንቃውን የሚይዝበት ቦታ በ2.4 ሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ የሚያጋድማት ጉልበት 60፣ 120፣ 240 ኪሎግራም ሜትር ይሆናል። ሁለት ባለ 75 ኪሎ ሰዎች ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ 135 ይመልሳሉ፤ እግራቸውን በማሰሪያው ይዘው ወደ ውጭ ሲዘረጉ 180። የጀልባዋ ቅርጽ ከ20 እስከ 40 ይጨምራል። በ28 ኪሎ ሜትር ነፋስ ተቀምጠው ይሄዳሉ፤ በ40 ደግሞ ተዘርግተውም አይበቁም። ሸራውን ወደ 6 ካሬ ሜትር ቢያሳጥሩት መሐሉም ስለሚወርድ ጉልበቱ ወደ 120 ይመለሳል። ይህን ስሌት ለራስዎ ጀልባ ዳር ሆነው ይሥሩት፤ የትኛው ነፋስ ላይ ሸራ እንደሚያሳጥሩ አስቀድመው ያውቃሉ።

ከፍታም ልዩነት አለው። ጣና ከባሕር ወለል 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ 16 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ እዚያ 10 ሳይሆን 8.4 ኪሎ ይገፋል። እስራኤል ውስጥ ኪኔሬት ላይ ለሚሄድ ደግሞ ቅናሽ የለም። ሐይቁ ከባሕር ወለል 210 ሜትር ያህል በታች ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ የሜዲትራኒያን ነፋስ ከምዕራብ ኮረብታዎች ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ጠዋት መስታወት የነበረው ውሃ ከሰዓት ሌላ ነው። ጠዋት ላይ የለኩትን ነፋስ ለከሰዓቱ አይጠቀሙበት።

ሰውና ጭነት

ተቀምጦ የነበረ 75 ኪሎ ሰው ብድግ ሲል የስበት ማዕከሉ ግማሽ ሜትር ያህል ይወጣል። ሁሉ ነገር ተደምሮ 320 ኪሎ በሆነች ዲንጊ ላይ ይህ የጠቅላላውን ማዕከል 12 ሳንቲሜትር ከፍ ያደርገዋል። ሁለት ሰዎች ፎቶ ለመነሳት ቢቆሙ 23 ነው። ከባድ ዕቃ ከመሐልና ከታች ይሁን፣ ይታሰርም። 8 ሜትር ላይ የተሰቀለ 3 ኪሎ መሣሪያ ደግሞ ከማዕከሉ አንድ ሜትር በታች 24 ኪሎ ባላስት ካልተጨመረበት አይካካስም፤ ምሰሶ ላይ ዕቃ የሚሰቅል ሰው ይህን ያስብ።

ሲጓዙ የሚታዩ ምልክቶች

ነፋሱ ከጎን ሲሆን ጠርዙ ውሃ ሊልስ ከደረሰ፣ መሪውም ከእጅ እየከበደ ጀልባዋ በራሷ ወደ ነፋሱ መዞር ከፈለገች፣ ሸራው በዝቷል። የሸራውን ገመድ ወዲያው ላላ ያድርጉ። ገመዱን ማሰሪያ ላይ ቋጥሮ መተው ለትንሽ ጀልባ ከባድ ስህተት ነው፤ በእጅ ይያዝ ወይም በአንድ ጉተታ የሚለቅ መያዣ ይኑረው።

ከሁሉ የሚያታልለው ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ነው። ጀልባዋ አትጋደምም፣ ጸጥ ይላል፣ ሰው ይዝናናል። ሸራው ከመጠን በላይ ተለቅቆ ከሆነ ላይኛው ክፍሉ ወደ ፊት ይጠመዘዝና ጀልባዋን ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ይገፋታል፤ ትወዛወዛለች፣ እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ይበልጣል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሰዎቹ ላይ ትገለበጣለች። ገመዱን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉ፣ የሸራውን አግዳሚ ወደ ታች ይሳቡ፣ የመሐል ሳንቃውን ሩብ ያህል ያውርዱ። ሙሉ በሙሉ ከወረደ ሸራው ከጎን ወደ ጎን ሲዞር ጀልባዋ መንሸራተት አቅቷት በሳንቃው ላይ ትደናቀፋለች፤ ጨርሶ ከተነሳ ደግሞ ውዝዋዜውን የሚያረግብ የለም።

ዲንጊዋን ሆን ብለው ይገልብጧት

ለክፍት ጀልባ የመጨረሻው መለኪያ ይህ ነው። ደረት በሚደርስ ሳይሆን ምሰሶው ታች በማይነካበት ጥልቀት፣ ሌላ ጀልባ አጠገብ ይዘው ይገልብጧት። ምሰሶው ውሃ ላይ ተኝቶ ስንት ሰከንድ ይቆያል? ከአንድ ደቂቃ በፊት ወደ ታች ከዞረ ምሰሶው ጫፍ ላይ የታሸገ አየር ያለው ተንሳፋፊ ያስፈልጋታል። ሳንቃው ላይ ቆሞ የሚመልሳት ሰው ክብደት ስንት ነው? ሳንቃው ከውሃው በጣም ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለ ቀላል ሰው አይደርስበትም፤ እጅግ ከፍ ብላ የምትንሳፈፍ ጀልባ በነፋስ ተገፍታ ከዋናተኛው ታመልጣለች።

ቀና ስትል በውስጧ የቀረውን ውሃ ይዩ። የመሐል ሳንቃው የሚገባበት ሣጥን አናት ከውጭው ውሃ በላይ መሆን አለበት። በታች ከሆነ በባልዲ ያወጡት ያህል በሣጥኑ በኩል ይመለሳል። እንዲህ ከሆነች ተንሳፋፊ ነገር ይጨምሩላት፤ 1 ሊትር ፎም ወይም የታሸገ አየር 1 ኪሎ ያህል ያነሳል፣ የጀልባዋንና የሰዎቹን ክብደት የሚያህል ሊትር ቢኖር ይበቃል። የጣና ታንኳ ውሃ ቢደፋበትም የማይሰጥመው የተሠራበት ደንገል ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነው፤ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ዳር አውጥተው ያደርቁታል። የዲንጊዎ ፎምም ከዓመታት በኋላ ውሃ ይጠጣል። የታሸጉትን የአየር ሳጥኖች ሽፋናቸውን እንደዘጉ በሳሙና ውሃ ይቀቡ፣ በማፍሰሻ ቀዳዳቸው በኩል በአፍ ቀስ ብለው አየር ይንፉበት፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ።